ጾሙን ሳይፈታ ያሸንፋል

ሰዎች በወንድሜ ላይ በግ ሲወራረዱ በዓይኔ አይቻለሁ። በፈረስ ጉግሥ ቢሆን፣ በገና ጨዋታ ቢሆን ምንም አልልም ነበር። እነሱ የተወራረዱት ወንድሜ ተመትቶ ይወድቃል፣ አይወድቅም ብለው ነው። ከተወራረዱት አንዷ ደግሞ እኔ ነበርሁ፤ እንዲያውም የመጀመሪያዋ። ስለዚህ ይህን ስጽፍ የምናደደው በጣሊያን ብቻ የሚመስለው ካለ ከወዲሁ ይታረም። በጣሊያን መናደድ ቀላል ነው፤ ሁሉም ያውቅበታል። እኔን እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው።

ቤታችን ጉና ተራራ ሥር፣ ብርዱ ከማይለቅበት ቦታ ላይ ነበር። የምንዘራው ገብስ ነው። አባታችን በልጅነታችን ስለሞተ ቤቱን የያዘው ታላቅ ወንድሜ ነው። እናታችን እግሯን ታማ ከደጅ አትርቅም። እኔ አግብቼ፣ ፈትቼ፣ ወደ እናቴ ቤት የተመለስሁ የሃያ ዓመት ሴት ነበርሁ። ሁለት በሬዎች ነበሩን፤ የሚያርስ ሰው ግን አንድ ብቻ። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ትሰበስባለች፣ እርፍ ግን አትጨብጥም። ለምን እንደማትጨብጥ ጠይቄ አላውቅም ነበር፤ ያን ዓመት ግን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ።

ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ወንድ ለመንገድ ሥራ ይውጣ ተባለ። ሦስት ወንድ ካለበት ቤት አንድ ሲወጣ ሁለት ይቀራል። አንድ ካለበት ቤት አንድ ሲወጣ ምን እንደሚቀር የጠየቀ የለም። ወንድሜን ወስደው ደብረ ታቦር፣ ከጣሊያኖች ምሽግ በታች ካለው የሠራተኛ ሰፈር አስገቡት። ከጧት እስከ ማታ ድንጋይ ይፈልጣል። መቼ እንደሚለቀቅ ቢጠይቅ የሚመልስለት አልነበረም። እኔም እናቴን ለአንዲት ዘመዳችን አደራ ብዬ ተከትዬው ወረድሁ። ከሰፈሩ ዳር የአክስታችን ቤት ስለነበር እዚያ ተጠግቼ ለሠራተኛው ጠላ መሸጥ ጀመርሁ።

የምሽጉ አዛዥ አንድ ካፒቴን ነበር። ሥራ ፈትቶ መሰለኝ፣ የቡጢ ግጥሚያ የሚባል ነገር አመጣ። እሑድ እሑድ ከምሽጉ በታች ባለው ሜዳ ላይ አራት እንጨት ተተክሎ በገመድ ይታጠራል። ከሠራተኛው መካከል ደልደል ያሉ ሁለት ሰዎች ገመዱ ውስጥ ይገባሉ፤ እጃቸው ላይ ጥጥ የታጨቀበት የቆዳ ጓንት ይታሰርላቸዋል። አንድ ወታደር የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ በብረት ሲመታ መማታት ይጀምራሉ፤ ደግሞ ሲመታ ያቆማሉ። እንዲህ ሦስት ጊዜ። ካፒቴኑና ጓደኞቹ ወንበር ላይ ተቀምጠው በሊሬ ይወራረዳሉ፣ የአንዱ ሰው አፍንጫ ሲደማ ያጨበጭባሉ። ከገደል አፋፍ ሆኖ በሬ ሲዋጋ የሚያይ እረኛ እንኳ ከነሱ ይልቅ ያዝን ነበር።

ሰውን ያጠመደው ሽልማቱ ነው። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ያሸነፈ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይሰጠዋል፤ ከመንገድ ሥራ ተለቆ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከሦስቱ አንዱን ከተሸነፈ ያለፈው ሁሉ ይሰረዛል።

ወንድሜ ልግባ ያለው በገዛ ፈቃዱ ነው። በእኛ አገር ወንድ ሲጣላ በዱላ ይገጥማል፣ ሲጫወት ትግል ይያያዛል፤ በቡጢ መማታት የሕፃናት ነገር ነው። ጓንቱን ሲያስሩለት እሱ ራሱ ሳቀ። ግን የካቲት እያለቀ ነበር፣ በጉና በኩል ዳመናው መቋጠር ጀምሯል። በዚያ ሰሞን የመጀመሪያው እርሻ ካልታረሰ፣ ኋላ ካልተደገመ፣ ገብስ የለም። በሬዎቹ ቆመው ይበላሉ፣ መሬታችን ጦም ሊያድር ነው። ገብስ የሌለው ቤት ደግሞ እኛ ጋ ክረምቱን አይወጣም። ወንድሜ ገመዱ ውስጥ የገባው ለዚህ ነው፤ ለሌላ ለምንም አይደለም።

የመጀመሪያውን እሑድ አሸነፈ። መማታት አያውቅም፣ ግን ጉልበት አለው፤ ከላይ ወደ ታች እንደ ዶማ ነው የሚያሳርፈው። ሁለተኛውንም እሑድ አሸነፈ። ያን ዕለት ካፒቴኑ ከወንበሩ ተነስቶ ትከሻውን መታ መታ አደረገው፣ በሬ ሊገዛ የመጣ ነጋዴ እንደሚያደርገው። ወንድሜ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። አንድ ቀርቶታል።

ከዚያ በኋላ ነው የእኛ ሰዎች የገቡበት።

የእኛ ሰው ውርርድ የሚያውቀው ከችሎት ነው። ተሟጋች ሲሟገት «ይህ ያልሁት ባይሆን ሙክት» ወይም «ቅል ማር» ይላል፣ ዋስ ይጠራል፣ ባላጋራው ይቀበላል። ያልተወራረደ ሰው በራሱ ነገር አያምንም ተብሎ ይናቃል። ጣሊያን የድሮውን ችሎት ሲዘጋው ያ ሁሉ የሙግት አምሮት መሄጃ አጣ፤ መጥቶ ገመዱ ዙሪያ ተከማቸ። ከእብናት እህል ጭኖ የመጣው፣ ከሐሙሲት የተመለሰው፣ ከእኛ መንደር ሠራተኛ ዘመዱን ሊጠይቅ የወረደው፣ ሁሉም ዋስ እየጠራ ሲወራረድ ይውላል። የሚገርመኝ፣ እነዚሁ ሰዎች ጣሊያንን ሲረግሙ ማንም አይችላቸውም። እርግማናቸውን ጨርሰው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ።

አንድ ማክሰኞ ቀን የካፒቴኑ አስተርጓሚ ጠላ ልጠጣ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ይህ ሰው የዚያው አገር ተወላጅ ነው። ልጅ ሳለ የቄስ ትምህርት ተምሯል፣ ኋላ ምጽዋ ወርዶ ጣሊያንኛ ለምዷል። ጾም የማያውቅ ሰው አልነበረም፤ ይህን እወቁልኝ። ወቅቱ ሁዳዴ ነው። እቤት ውስጥ ከእኛ መንደር የወረዱ ሰባት ስምንት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ስለነበር ጠላቸውን ይዘዋል።

«ወንድምሽን እዚህ አይቼው አላውቅም» አለኝ አስተርጓሚው፣ ዋንጫውን እየተቀበለኝ።

«ከሥራ ሲወጣ ይመጣል። ቀን ቀንማ ጦም ነው እኮ ጌታዬ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ውኃ አይቀምስም።»

«ድንጋይ እየፈለጠ?»

«ድንጋይ እየፈለጠ። ቄሶቹም እንደሱ አይጦሙ።»

ይህን ስል ደረቴን ነፍቼ ነው። የወንድሜ ጾም የእኔ ጌጥ ነበር። በእኛ መንደር ሰው በበሬው ይኮራል፣ በእህሉ ይኮራል፣ ከሁሉ በላይ ግን በጾሙ ይኮራል፤ የሚጾመው እሱ ባይሆንም እንኳ።

አስተርጓሚው ጠላውን ቀመሰና «እሑድ እሑድ ግን ከቅዳሴ መልስ በልቶ ነው የሚገጥመው» አለ። «ሰው እኮ ያማዋል። ጠግቦ ስለሚገባ ነው እንጂ በጦም ቀን ቢሆን አንድ ቡጢ አይችልም ይላሉ።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ይላሉ ነው ያልሁሽ።»

ደሜ ፈላ። አሁን ቆም ብዬ ሳስበው ያ ሰው እንደ ሕፃን ነው ያጫወተኝ። ያን ጊዜ ግን የታየኝ ወንድሜ መታማቱ ብቻ ነው። «ጦሙን ሳይፈታም ያሸንፋል» አልሁት።

«ትወራረጅኛለሽ?»

«እወራረዳለሁ።»

«በምን?»

አንገቴ ላይ የብር ድሪ ነበረኝ። ከትዳሬ ስወጣ ይዤው የወጣሁት ሀብት እሱ ብቻ ነው። አውልቄ መሶቡ ላይ አኖርሁት። ከዚያ ጎረቤታችን የሆኑ አንድ ሽማግሌ፣ ከእኛ መሬት አጠገብ የሚያርሱ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እሷ ሴቷ ድሪዋን ካወለቀች እኔም ሙክት አለኝ» አሉ። ሌላውም «እኔም» አለ። ሌላውም። በአንድ ዋንጫ ጠላ ጊዜ ውስጥ የመንደራችን ሰው በሙሉ ገባበት። አስተርጓሚው የሁሉንም ውርርድ ብቻውን ተቀበለ። ዋስ ቆሞ ውሉ በቃል ተነገረ፤ ጾሙን ሳይፈታ ካሸነፈ እሱ ለእያንዳንዱ የተወራረደበትን ይሰጣል፤ ከተሸነፈ ወይም ጾሙን ከፈታ የሁሉም ንብረት የእሱ ነው። ድሪዬን ከመሶቡ ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተው፣ ከዋሱ እጅ ይልቅ እሱ ዘንድ ይቀመጥ ብሎ። አንድም ሰው ለምን አላለም።

በማግሥቱ ከምሽጉ ወሬ ወጣ። ሦስተኛው ግጥሚያ እሑድ መሆኑ ቀርቶ ለዓርብ ስድስት ሰዓት ተደርጓል፤ ከጎንደር የመጡ እንግዶች ስላሉ ነው ተባለ። ለካፒቴኑ ዓርብን ማን እንዳቀበለው ለመገመት መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም።

ለወንድሜ ውርርዱን የነገርሁት እኔው ነኝ። ድንጋይ ሲፈልጥ ከዋለበት መጥቶ እግሩን እየታጠበ ነበር። ሰምቶኝ ሲያበቃ እግሩን ማጠቡን ጨረሰ።

«ማን ጠይቆሽ ነው?» አለኝ በመጨረሻ።

«ሲያሙህ ዝም ልበል?»

«ይሙኝ። ምን ቸገረሽ? እኔ የምፈልገው ወረቀቱን ነው።» ውኃውን ደፍቶ ገባ። አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ዕለት ረቡዕ ነበር። ቀን ላይ ሌላም ነገር አይቼ ነበር፤ ትልቅ ድንጋይ ተሸክሞ ሲሄድ ቆመ፣ ድንጋዩን አስቀመጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ አጠገቡ ያለውን ካብ ተደገፈ። ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በልቶ ሲነሳ ደግሞ ደህና ሰው ሆነ። አስተርጓሚው ያሰበው ያኔ ገባኝ። ቀድሞ የገባው ለእሱ ነው፣ ዘግይቶ የገባው ለእኔ።

ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ወደ ጉና ወጣሁ፣ ወደ ነፍስ አባታችን። ዳገቱን እየወጣሁ ስሄድ ሌላ አላሰብሁም፤ ጾሙን ይፍቱለት፣ ይብላ፣ ያሸንፍ፣ ወረቀቱን ይያዝ። ድሪው ይቅር ብያለሁ። እዚያ ላይ ሆኜ እንዲህ ማለት አልከበደኝም።

አባ ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ደጃቸው ላይ አገኘኋቸው። እግራቸው ላይ ወድቄ ነገሩን ነገርኋቸው።

«ስንት ሰዓት ነው የሚማታው?» አሉኝ።

«በስድስት ሰዓት ነው አባ።»

«ሳምንቱን ሁሉ ድንጋይ ሲፈልጥ ከርሞ?»

«አዎ አባ።»

«እንዲህማ ከሆነ ይበላል። እኔ ፈትቼዋለሁ፣ ዕዳው በእኔ ነው በይው።» ከዚያ ዓይናቸው ጠበበ። «ጦምን በበግ ያስያዘ ግን ማን ነው? ይኸ እኮ ከመብላት የከፋ ነው።»

«ሰዎች ናቸው አባ» አልሁ።

ዋሸኋቸው። ነፍስ አባቴን፣ እግራቸው ሥር ተደፍቼ ዋሸኋቸው። እሳቸው አምነውኝ ከቤታቸው ጥቁር አዝሙድ የገባበት የገብስ ዳቦ አስመጥተው ሰጡኝ፤ «ከማለዳ ይቅመስ፣ ጉልበት እንዲሆነው» ብለው። ዳቦውን በጨርቅ ጠቅልዬ እናቴ ዘንድ አደርሁ። ዓርብ ዶሮ ሳይጮህ ተነስቼ ቁልቁለቱን ስሮጥ ወረድሁ። አምስት ሰዓት ሳይሆን ደብረ ታቦር ነበርሁ።

ወንድሜን ያገኘሁት ከሜዳው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። ያን ቀን ከሥራ አስቀርተውታል። ዙሪያውን የመንደራችን ሰዎች ከበውታል። መጀመሪያ ሊያበረታቱት የተሰበሰቡ መሰለኝ። ቀርቤ ሳይ ሊጠብቁት ነው። ከሐሙስ ምሽት ጀምረው ተራ ገብተው ሲጠብቁት ኖሯል፤ አንዱ ከበሩ ላይ አድሯል፣ አንዱ ፊቱን ሊታጠብ ምንጭ ሲወርድ አብሮት ወርዶ አፉን ያይ ነበር፣ ውኃ እንዳይውጥ። ይህን የነገሩኝ ራሳቸው ናቸው፣ ሥራ የሠሩ መስሏቸው። አብረውት ያደጉ ሰዎች፣ አባታችንን የቀበሩ ሰዎች፣ አንድ ፍሬ ሽንብራ ወደ አፉ እንዳይገባ ዘብ ቆሙበት። ወረቀቱን አያውቁትም እንዳልል ያውቁታል። ባይታረስ የምንራብ መሆናችንን ያውቁታል። በጉ ግን ቀረበ፤ ያስያዙት በግ የታሰረው እዚያው ከፊታቸው፣ ከዛፉ ሥር ነው።

አስተርጓሚው ትንሽ ራቅ ብሎ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሟል። እሱ መጠበቅ አላስፈለገውም። እኛ ጠበቅንለት።

ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ። ከንፈሩ ነጭ ነበር።

«ደህና ገባሽ?»

«ደህና።»

«እናቴስ?»

«ደህና ናት፣ እግሯ ነው እንጂ።»

ዳቦው ከነጠላዬ ሥር፣ ከብብቴ ነው። ልለው የመጣሁት ነገር አጭር ነበር። አባ ፈትተውሃል፣ እንካ ብላ። ከዚህ በላይ ምንም አያስፈልገውም። ሽማግሌው ጎረቤታችን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ አልነቀሉም። ብሰጠው ሁሉም በአንድ አፍ የሚሉኝ ታየኝ። ውሉን ያመጣሽው አንቺ፣ ያፈረስሽው አንቺ። ስምንት ሰው በጉን በእኔ አፍ ያጣል። አስተርጓሚው እየሳቀ ድሪዬን ከኪሱ አውጥቶ ለሰው ያሳያል። «ቄሶቹም እንደሱ አይጦሙ» ያልሁት ወንድሜ፣ ጣሊያን ፊት ለመማታት ብሎ በጠራራ ፀሐይ ዳቦ ሲገምጥ ሰው ሁሉ ያያል። ደግሞስ ሁለት ጊዜ አሸንፎ የለም ወይ? ሳይበላም ሊያሸንፍ ይችላል እኮ። እንዲህ ብዬ ራሴን አታለልሁ።

«አይዞህ በይው እንጂ፣ ምን ትገተሪያለሽ?» አሉ ሽማግሌው።

«አይዞህ አያ» አልሁት።

ከምሽጉ ጥሩምባ ተነፋ። ስድስት ሰዓት ሆነ።

የገጠመው የምሽጉ ወጥ ቤት እንጨት ፈላጭ ነው። እሱም ከእኛው አገር ተይዞ የመጣ፣ እሱም ወረቀቱን የፈለገ ሰው ነው፤ በእሱ አልፈርድም። ልዩነቱ እሱ ከጣሊያን ድስት የተረፈውን ሁሉ ሳይመርጥ ይበላል፤ ያን ቀን ጧትም በልቷል። ቸርኬው ሲመታ ወንድሜ ቀድሞ ሄደና ሁለት ጊዜ አሳረፈበት። ሰዎቹ ጮኹ። እኔም ጮኽሁ። ዳቦውን በክንዴ ጨምቄ ይዤ ጮኽሁ፣ ልክ ነበርሁ ማለት ነው ብዬ።

በሁለተኛው ዙር እጁ መነሳት እምቢ አለው። ይመታል፣ ግን ጓንቱ ሰውየው ላይ ሲደርስ ጉልበቱ አልቆ ነው። አፉን ከፍቶ አየር ይፈልጋል። ሦስተኛው ላይ እንጨት ፈላጩ ግራ ዓይኑን መታው፣ ደገመው፣ ወንድሜ በጉልበቱ ወደቀ። ተነሳ። ደግሞ መታው። አሁን በጎኑ ወደቀ። ተነሳ፤ ለምን እንደተነሳ እኔ አውቃለሁ፣ ገብሱ ነው ያስነሳው። እንጨት ፈላጩ ራሱ ወደ ካፒቴኑ ዞሮ ይብቃን እንደማለት እጁን ዘረጋ። ካፒቴኑ በጣቱ ቀጥል አለው። የመጨረሻዋን ቡጢ ማየት አልቻልሁም፤ ድምፁን ነው የሰማሁት።

ወንድሜ አፈር ላይ ተዘርሮ ሳለ ከእኛ ሰዎች የመጀመሪያው ወደ እሱ አልሄደም። ወደ በጉ ነው የሄደው፣ አስተርጓሚው ሳይደርስ ሊደብቀው። ሌላው «ተነስ እንጂ፣ አንተ ሰነፍ!» ብሎ ጮኸበት። ሽማግሌው ኩታቸውን አጣፍተው «አዋረደን» አሉ። እሱ አዋረደን አሉ፣ እሱ! ያቺን ቃል እስከ ዛሬ አልፈጨኋትም። እሳቸው ጠዋት ሽሮ ቀምሰው ይሁን፣ ጾመው ይሁን የጠበቃቸው አልነበረም።

የሆነውን በአጭሩ ልጨርሰው። ወረቀቱ ቀረ። ሰኞ ወንድሜ በአንድ ዓይኑ ወደ ድንጋዩ ተመለሰ፤ ግራው ከዚያ ወዲያ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት በቀር አላየለትም። የተለቀቀው ክረምቱ ከገባ በኋላ ነው። መሬታችንን በእኩል ያረሱልን እነዚያው ሽማግሌ ናቸው፣ በእኛው በሬዎች፤ ለሙክታቸውም ማካካሻ ይሁን ብለው ከድርሻችን ላይ ጎረድ አደረጉ። እናቴ ያን ክረምት አልወጣችውም። የተራብነው ስለ ጣሊያን ነው ቢሉኝ አዎ እላለሁ፤ ስለ ጣሊያን ብቻ ነው ቢሉኝ ግን ከሰውየው ጋር እጣላለሁ።

አሁን ወደ ዓርቡ ልመለስ፤ ያልነገርሁት እሱ ነው።

ወንድሜን ከሜዳው ያነሳነው እኔና እንጨት ፈላጩ ነን። ደግፈን አክስታችን ቤት አስገባነው፤ እንጨት ፈላጩ «ማረኝ ወንድሜ» ብሎ ጉልበቱን ነክቶ ወጣ። ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ውኃ አቀረብሁለት። ፊቱን አዞረ። «ውርርዱ እኮ አልቋል» አልሁት። ጥርሱን ነክሶ ግድግዳውን አየ። ሁለት ሰዓት ሙሉ እንዲያ ተኛ፣ ከአፉ የሚወጣውን ደም በጨርቅ እየጠረግሁ እዚያው ተቀመጥሁ።

የዘጠኝ ሰዓት ደወል ሲደወል ራሱ ተነስቶ ተቀመጠ። አማተበ። አፉን ተጉመጠመጠ፣ ውኃውን ጠጣ። ዳቦውን ከጨርቁ ፈትቼ ፊቱ አኖርሁለት። ቆረሰ፣ በደህናው በኩል እያላመጠ ቀስ ብሎ በላ።

«አባ የሰጡት ነው?» አለኝ።

«አዎ።»

«ፈትተውኝ ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። አንድ ቀን ቀድሜ ዋሽቻለሁ። «ፈትተውህ ነበር» አልሁት።

«አውቄያለሁ። አዝሙዱ ሸቶኛል እኮ፣ ጧት አጠገቤ ስትቆሚ።» ዳቦውን ዋጠ። «እንኪ ብትይኝ እዚያው እያዩኝ እበላው ነበር። አፌን ከፍቼ ልጠይቅሽ አስቤ፣ እሷ ካልሰጠችኝ ምክንያት ይኖራታል ብዬ ተውሁት። እስክትሰጭኝ ነው የጠበቅሁ።»

ይህን ሲል አልተቆጣም። ሰው የሆነውን ነገር እንደሚናገር ነው የተናገረው። ከዚያ ከዳቦው ግማሹን ቆርሶ ዘረጋልኝ።

«አንቺም ሌሊቱን ሄደሽ አልቀመስሽም» አለኝ። «ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል፣ ብዪ።»

በላሁት።